ፊደልና ሚዛን፦ የአነስተኛ ነጋዴ ድረ ገጽ ደረጃ መጠበቁ ይጠቅመዋልን?

በገዳሪፍ ገበያ የሰሊጥ ዋጋ የሚነገረው በቁንጣር ነው። ድንበሩን ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ ወይም ሑመራ የገባ ነጋዴ ግን የሚገዛውም የሚሸጠውም በኩንታል ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ «ኩንታል» የተባለው ቃል «ቂንጣር» ከሚለው ዐረብኛ ተነሥቶ በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ዞሮ ወደ እኛ የደረሰ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ዝምድናው አይረዳም። የሱዳኑ ቁንጣር መቶ ረጥል፣ ማለትም ወደ 45 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሲሆን የኢትዮጵያው ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። አንድ ኩንታል ሰሊጥ በአንድ ቁንጣር ዋጋ የሸጠ ሰው ከግማሽ በላይ ይከስራል። በድንበር ገበያ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሚዛንን ሚዛን የሚያደርገው ብረቱ ሳይሆን ስምምነቱ ነው። ገዥና ሻጭ በማይተዋወቁበት ቦታ ደግሞ ይህ ስምምነት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ድረ ገጽም እንዲሁ ያለ ገበያ ነው። ጽሑፉን ያወጣው ነጋዴና ገጹን የሚከፍተው እንግዳ አይተያዩም። በመካከላቸው የሚቆመው ሚዛን «የድር ደረጃዎች» የሚባለው የስምምነት ስብስብ ነው፤ ይኸውም ፊደል በምን ቁጥር እንደሚመዘገብ፣ ርእስና አንቀጽ እንዴት እንደሚለይ፣ የገጹ ቋንቋና የንባቡ አቅጣጫ እንዴት እንደሚገለጽ የሚወስን ነው። በ2000ዎቹ በብዙ አገሮች አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለትልቅ ባንክ ደረጃ መጠበቅ ተገቢ ነው እንበል፤ ለአንዲት ቡና ቤት፣ ለአንድ የትርጉምና የፎቶ ኮፒ ሱቅ፣ ለአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ግን ምን ይጠቅማል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በራሳችን ፊደል ታሪክ በኩል ይመረምራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የድር ሚዛን አመጣጥ

ቲም በርነርስ-ሊ የድርን ሐሳብ ያቀረበው በ1989፣ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማእከል ሳለ ነው። ሰርን በ1993 ይህን ሥራ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። በ1994 ደግሞ በርነርስ-ሊ ደብልዩ3ሲ የሚባለውን የድር ጥምረት መሠረተ። የጥምረቱ ሥራ ኩባንያዎችና ባለሙያዎች ተስማምተው ለሁሉም የሚሆን ደንብ እንዲያወጡ ማድረግ ነበር።

ደንቡ ግን ወዲያው አልተከበረም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ኔትስኬፕና ማይክሮሶፍት ለገበያ ሲሻሙ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብራውዘር ብቻ የሚሠሩ ትእዛዞችን ይጨምሩ ነበር። በዚህም የተነሣ በብዙ ገጾች ግርጌ «ይህ ገጽ በእንዲህ ያለው ብራውዘር ሲከፈት ይመረጣል» የሚል ማሳሰቢያ ይታይ ጀመር። ሁለቱንም ማስደሰት የፈለገ ሰው አንድን ገጽ ሁለት ጊዜ ማሠራት ነበረበት። ኤችቲኤምኤል 4.0 በ1997፣ የገጽን መልክ የሚደነግገው ሲኤስኤስ ደግሞ በ1996 ወጥተው ሳለ ኩባንያዎቹ አሟልተው ስላልተከተሏቸው፣ በ1998 የድረ ገጽ ባለሙያዎች ተሰባስበው የድር ደረጃዎች እንዲከበሩ የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ጀመሩ። አንዱ ዋና መከራከሪያቸው ገንዘብ ነበር፤ ለአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መክፈል ይብቃ ነው ያሉት።

ይህ ክርክር በላቲን ፊደል ለሚጽፈው ዓለም የመልክና የወጪ ጉዳይ ነበር። የእንግሊዝኛ ገጽ ደረጃውን ባይጠብቅ ሥዕሉ ይዛባል፣ ዓምዱ ይፈርሳል እንጂ ጽሑፉ ይነበባል። በአማርኛ ግን ጥያቄው ከዚያ የከፋ ነበር፤ ጽሑፉ ጨርሶ ሊነበብ አይችልም ነበርና።

ፊደላችንና መሣሪያው

የግእዝ ፊደል ከማተሚያ መሣሪያ ጋር የተገናኘው ቀደም ብሎ ነው። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከተማ የግእዝ መዝሙረ ዳዊት አሳትሟል። ለማተሚያ ቤት የፊደላት ብዛት ብርቱ ችግር አልነበረም፤ የእርሳሱን ቅርጽ ማብዛት ብቻ ነውና። ችግሩ የገዘፈው የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ነው። በመኪናው ላይ ያሉት ቁልፎች ጥቂት፣ ፊደሎቻችን ግን ብዙ ሆኑ። በዚህ ረገድ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የተጓዙት መንገድ ፊደሉን ከነቅጥያው ከፋፍሎ መገጣጠም ነበር። ዘዴው ሠራ፤ የፊደሉ መልክ ግን ለመኪናው ሲባል ተለወጠ።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በብዛት ይሠራበት የነበረው አሠራር ለአንድ ቋንቋ 256 ቦታ ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ከእነዚህም 128ቱ የእንግሊዝኛ ፊደሎችና ምልክቶች የሰፈሩባቸው ናቸው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባቱ ድምፆች ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉበት ከ256 ያልፋሉ። ስለዚህ ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና እነርሱን የመሰሉ ፕሮግራሞችን የሠሩ ባለሙያዎች በጊዜው የሚቻለውን አደረጉ፤ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀመጡ፣ ሲጠብም ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት ወይም ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት።

ውጤቱን በአጭሩ እንዲህ ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሩ የመዘገበው የላቲን ፊደል ነው፤ የአማርኛው ፎንት ያለበሰው ልብስ ብቻ ነው። ልብሱ ሲወልቅ የሚቀረው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ቅልቅል ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አደላደል ስለነበረው በአንዱ «ሰ» የነበረው ቁጥር በሌላው «መ» ሊሆን ይችል ነበር። ቃሉ አንድ፣ ሚዛኑ ግን እንደ ቁንጣርና ኩንታል የተለያየ ሆነ።

«ፊደሉን ያውርዱ» የተባለበት ዘመን

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 ሲጀመር፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ገጾችን ሲከፍቱ፣ አማርኛ ለማውጣት የነበሩት መንገዶች ሦስት ነበሩ። አንደኛው በላቲን ፊደል አማርኛን መጻፍ ነው፤ ለዚህም ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለ ሥርዓት ያለው አጻጻፍ አዘጋጅተው ነበር። ሁለተኛው ጽሑፉን እንደ ፎቶግራፍ አድርጎ መለጠፍ ነው። ሦስተኛው ከገጹ አናት ላይ «ይህን ጽሑፍ ለማንበብ ይህን ፊደል ያውርዱ» ብሎ አንባቢውን ማዘዝ ነው።

እነዚህን ሦስት መንገዶች ከአንባቢው ወገን ሆነን እንመልከታቸው። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ለለመደው ይነበባል፤ ፊደል ቈጥረው ላደጉ አዛውንት ግን ፈተና ነው። ፎቶግራፍ የሆነው ጽሑፍ ይነበባል፤ ነገር ግን አይፈለግም፣ አይቀዳም፣ ዓይነ ስውር አንባቢን የሚያግዘው ፕሮግራምም ድምፁን ሊያሰማው አይችልም። ክብደቱም አለ። በሰከንድ 28,800 ቢት በሚያስተላልፍ የስልክ መስመር 100 ኪሎ ባይት የሚመዝን ሥዕል ለማምጣት ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ፎንት አውርድ የተባለው አንባቢ ደግሞ በኢንተርኔት ካፌ የተቀመጠ ከሆነ በሰው ኮምፒውተር ላይ ፎንት የመጫን ፈቃድ የለውም።

በሱዳን ለምንኖረው ሌላ መሰናክልም ነበረ። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ እስከ ኦክቶበር 2017 ጸንቶ ቆይቷል። ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችና ሶፍትዌሮች ሰፋ ያለ ፈቃድ ያገኙት በፌብሩዋሪ 2015 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከገዳሪፍ ሆኖ የአሜሪካ ኩባንያን ሶፍትዌር ለማውረድ የሞከረ ሰው «ባሉበት አገር አይፈቀድም» የሚል መልስ ሊደርሰው ይችል ነበር። ስለዚህ የተለየ ብራውዘር ወይም የተለየ ፎንት የሚጠይቅ ገጽ በዚያ ዘመን ለሱዳን አንባቢ በሩ የተዘጋ ገጽ ሊሆን ይችል ነበር። ደረጃውን የጠበቀ ገጽ ግን በማናቸውም ብራውዘር ይከፈታልና አንባቢው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ዩኒኮድ

መፍትሔው የመጣው ለአንድ ቋንቋ ብቻ ከታሰበ ሥራ አልነበረም። የዜሮክስ ባልደረባ የነበረው ጆሴፍ ቤከር በ1988 የዓለም ፊደሎች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ እንዲሰፍሩ የሚያስችል ዕቅድ አቀረበ፤ ስሙንም ዩኒኮድ አለው። የእኛን ፊደል ወደዚህ ሠንጠረዥ ለማስገባት በ1990ዎቹ የደከሙ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አሉ፤ የዳሸን ኢንጂነሪንግ መሥራች ፍስሐ አጥላው ከእነርሱ አንዱ ናቸው። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የግእዝ ፊደሎችን፣ ቁጥሮችንና ነጥቦችን ይዞ ወጣ። በ2005 እና ከዚያ በኋላ በወጡት እትሞችም ሌሎች የኢትዮጵያና የኤርትራ ቋንቋዎች የሚያስፈልጓቸው ፊደሎች ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ኩባንያ መሣሪያ ላይ ቁጥሩ አንድ ነው።

ሆኖም በዚያው ዓመት ወደ ዩኒኮድ የዞረ ነጋዴ ሁሉ ተጠቀመ ማለት ሐቁን ማጣመም ይሆናል። በስፋት ይሠራበት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግእዝ ፎንት አልነበረውም፤ ፎንት ያልጫነ አንባቢ በፊደል ፈንታ የሚያየው ባዶ ሣጥኖችን ነበር። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከመሣሪያው ጋር አብሮ ማቅረብ የጀመረው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ ማለትም ከ2006 ማብቂያና ከ2007 መጀመሪያ ወዲህ ነው። በመሆኑም በ2001 በአሮጌው ፎንት የጻፈ ሰው የሚወቀስበት ምክንያት የለም። የሚያሳዝነው ሥርዓቱ ከተሟላ በኋላም ብዙ ገጽና ብዙ ሰነድ በአሮጌው ልብስ መቅረቱ ነው።

የጉዳቱን መጠን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ምናልባት በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ከዓመታት በፊት የተጻፈ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ወይም የማኅበር ደንብ በፍላሽ ይመጣል፤ ሲከፈት የላቲን ፊደል ክምር ነው። የተጻፈበት ፎንት ስሙ ከታወቀ የሚቀይር ፕሮግራም ይገኝለታል፤ ካልታወቀ ግን መገመት፣ ካልሆነም ታትሞ ከቀረው ወረቀት ላይ እንደገና መልቀም ነው። የኮምፒውተር ትርጉምም የሚያነበው ዩኒኮድን ብቻ ነው። ጎግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው በፌብሩዋሪ 2016 ነው፤ በላቲን ቦታ ላይ የተጻፈ አማርኛ ግን ለጎግል ፍለጋም ሆነ ለትርጉሙ አማርኛ አይደለም። ደንበኛ «ሰሊጥ» ብሎ ሲፈልግ ያ ገጽ የለም።

ሁለት ቋንቋ በአንድ ገጽ

ከገዳሪፍ እስከ ቁረይሻ፣ ከገላባት እስከ ሐምዳይት ባለው አካባቢ ያለ ነጋዴ ደንበኞቹ በሁለት ቋንቋ ያነባሉ። በአሮጌው አሠራር አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ገጽ ላይ መዋላቸው እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የማይክሮሶፍት የዐረብኛ ሠንጠረዥ ዐረብኛውን ያሰፈረው ከ128 በላይ ባሉት ቦታዎች ነው፤ የአማርኛ ፎንቶችም እነዚያኑ ቦታዎች ይዘው ነበር። አንዱ ሲታይ ሌላው ይበላሻል። በዩኒኮድ ግን ሁለቱ ፊደሎች የየራሳቸው መኖሪያ አላቸው። ኤችቲኤምኤል 4.0 ደግሞ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ቋንቋውንና አቅጣጫውን፣ ማለትም ከግራ ወደ ቀኝ ወይም ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡን፣ የመግለጫ መንገድ ሰጠ።

ይህ የአቅጣጫ ጉዳይ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ነጋዴውን በቀጥታ የሚጎዳበት ቦታ ግን አለ፤ እርሱም የስልክ ቁጥር ነው። በዐረብኛ ጽሑፍ መካከል በክፍተት የተከፋፈለ የስልክ ቁጥር አቅጣጫው ሳይገለጽ ከተጻፈ ብራውዘሩ ክፍሎቹን ከቀኝ ወደ ግራ ይደረድራቸዋል፤ የመጨረሻው ክፍል በፊት፣ የመጀመሪያው በኋላ ሆኖ ይታያል። 249 ወይም 251 ከሚለው የአገር መለያ ፊት የሚቆመው የመደመር ምልክትም ወደ ሌላው ጫፍ ሊሄድ ይችላል። ደንበኛው ያየውን ይደውላል፣ ጥሪው ወደማይመለከተው ሰው ይሄዳል፣ ነጋዴው ደግሞ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ይቀመጣል። ብራውዘሩ ያደረገው ደንቡ ያዘዘውን ነው፤ የጎደለው ገጹን የሠራው ሰው ሊያስገባው የሚገባ አንዲት ቃል ናት።

ተቃራኒው ክርክር

ደረጃ መጠበቅ አያስፈልግም የሚሉ ወገኖች ከንቱ ነገር አይናገሩም፤ ሦስት ነጥቦቻቸውን ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው ክብደት ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አመዘጋገብ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በአሮጌው ፎንት ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ባይት ይበቃ ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን 2,000 ፊደል ያለው ገጽ 6,000 ባይት ቢሆን በዚያው በዝግተኛው የስልክ መስመር እንኳ ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ ግማሽ ደቂቃ ከሚፈጀው ሥዕል ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ብራውዘሮች ይቅር ባዮች ናቸው የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው። በዓለም የታወቁ ብዙ ታላላቅ ገጾች በደረጃ መመርመሪያ ሲፈተሹ ስሕተት ይገኝባቸዋል፤ ሆኖም ይሠራሉ። ደንብ አውጪዎቹ ራሳቸው ከዚህ ተምረዋል። በ2000 የወጣው ኤክስኤችቲኤምኤል ጥብቅ ሥርዓት ነበር፤ እንደ ደንቡ ሲነበብ አንዲት ያልተዘጋች ምልክት ገጹን በሙሉ ልታስቆም ትችል ነበር። የዚህ ሥርዓት ተከታይ ዝግጅት በ2009 እንዲቆም ተወሰነ። በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ግን ብራውዘር ስሕተት ሲያገኝ ምን ማድረግ እንዳለበት ጭምር ዘርዝሮ ደነገገ። ስለዚህ ለአነስተኛ ነጋዴ ነቁጥ የሌለበት የምርመራ ውጤት ማግኘት ግብ አይደለም፤ ለዚያ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቀው ባለሙያ ቢኖር አይቀበለው።

ሦስተኛውና ብርቱው ነጥብ ፌስቡክና ቴሌግራም ናቸው። ነጋዴው በእነዚህ ላይ ሲጽፍ ዩኒኮዱም፣ አቅጣጫውም፣ በስልክ መታየቱም በሌላ ሰው ድካም ተሟልቶለታል። ምን ያደርግለታል የራሱ ገጽ? መልሱ ያለፉት ዓመታት ትዝታ ነው። በኢትዮጵያ በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክና ቴሌግራም ተዘግተው ለወራት ቆይተዋል። በሱዳን በፌብሩዋሪ 2024 የቴሌኮም መስመሮች ሲቋረጡ ገዳሪፍን ጨምሮ በብዙ ቦታ የስልክ ባንክ አገልግሎት ሳይቀር ቆሟል። መስመር በሙሉ ሲቋረጥ ደረጃውን የጠበቀ ገጽም አይከፈትም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን መስመሩ ተዳክሞ ሲመለስ ቀድሞ የሚከፈተው ቀላሉ ገጽ ነው፤ በስልክ ላይ ተቀምጦ፣ በወረቀት ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈውም እርሱ ነው። ገጹ የነጋዴው ንብረት ስለሆነም አንድ ማኅበራዊ መድረክ ቢዘጋ አብሮ አይዘጋም።

ከባለሙያው የሚጠየቀው

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። የድር ደረጃ ለአነስተኛ ነጋዴ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመውም ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ያ ጥቂት ክፍል ግን ሊጎድል አይገባውም። ትልቅ ኩባንያ ገጹ ቢበላሽ ደንበኛው ስሙን ያውቃልና ተመልሶ ይመጣል። ስሙ ያልታወቀ ሱቅ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

ስለዚህ ገጽ የሚያሠራ ሰው ባለሙያውን እነዚህን ይጠይቀው። ጽሑፉ በዩኒኮድ ተጽፎ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ በገጹ ተገልጿልን? የአማርኛውና የዐረብኛው አንቀጽ ቋንቋና አቅጣጫ ተነግሯልን? ዋጋው፣ አድራሻውና ስልኩ በሥዕል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀምጠዋልን? ገጹ በርካሽ ስልክ፣ በደካማ መስመር ተከፍቶ ታይቷልን? የገጹ ስምና ቅጂ በባለሙያው ሳይሆን በነጋዴው እጅ ነውን? በትርጉም ሥራ ላይ ካለ ሰው አንድ ትንሽ ነገር ይታከልበት፤ ዓረፍተ ነገር ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ከመደርደር የራሱ ቁጥር ያለውን አራት ነጥብ መጠቀም ይገባል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለፍለጋና ለትርጉም መሣሪያ ግን አንደኛው የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ሲሆን ሌላው የቃል መለያ ነው።

ከኤፕሪል 2023 ጦርነት ወዲህ ብዙ ሰዎች ከካርቱም ወጥተው በገዳሪፍ በኩል አልፈዋል፤ ከ2020 ወዲህም ከኢትዮጵያ ወደዚህ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ በማያውቁት ከተማ የደረሱ ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው የሚፈልጉት ማደሪያ፣ መኪና፣ ሐኪም፣ ወረቀታቸውን የሚተረጉምላቸው ሰው ነው። ገጹ አማርኛውን አማርኛ አድርጎ ካሳያቸውና የስልኩን ቁጥር ሳያዛባ ከሰጣቸው ነጋዴው ደንበኛ ያገኛል፤ መንገደኛውም ሌሊት ሳይመሽበት መጠጊያ ያገኛል።